ጠቆመሽ እንጂ አላደረሰሽም

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ጤና ጣቢያ እየሠራሁ ማስተርሴን እማራለሁ፤ አሁን የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ደርሻለሁ። ርዕሴ የቤት ውስጥ ውኃ ማጠራቀሚያና የወባ ትንኝ ነው። በድሬ ፀሐይ ቤት ለቤት ዞሬ፣ በርሜሉንም ሮቶውንም ጄሪካኑንም በባትሪ እያየሁ እጭ ቆጥሬያለሁ። ክዳን የሌለው በርሜል ላይ እጩ ይበዛል። ክፍት በርሜል ባለባቸው ቤቶች ደግሞ ‹ወባ ይዞኝ ነበር› የሚል ሰው በዛ ብሎ አገኘሁ። ይህን በእንግሊዝኛ ‹ዚስ ፕሩቭስ› (ይህ ያረጋግጣል) ብዬ ጻፍኩት። አማካሪዬ በቀይ አሰመረና ‹ማን ነገረሽ?› አለኝ። ተናድጄ ሁሉንም ‹ሜይ› እና ‹ማይት› (ሊሆን ይችላል) አደረግኩት፤ አሁን ደግሞ ‹ታዲያ ምን አልሽ?› ብሎ መለሰልኝ። ‹ሰጀስት በይ› ይለኛል። እኔ የማውቀው ሰጀስት ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ነው፤ ቁጥር እንዴት አድርጎ ሐሳብ ያቀርባል? የጤና ሚኒስቴርን ሪፖርት ስጠቅስ ‹ክሌይምስ› በማለቴም ሳቀብኝ። እውነቱን ልናገርና ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ፍርሃት ይመስለኛል። ያየሁትን አየሁ ለማለት ምን ያሽኮረምመኛል? ዲፌንሴ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የምከላከልበት ቀን፣ ቀርቧል። በዚያውም ይንገሩኝ፤ ‹ዳታ› ካልን በኋላ ግሱ ላይ ኤስ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም?»

የሳቢያኗ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አንቱታውን እንተወው። ሐረር ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ሽማግሌም «አንተ» ሲባል ነው የቤት ሰው መሆኑ የሚታወቀው። እኔም «አንቺ» እልሻለሁ።

ከ«ሰጀስት» ልጀምር፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራን ነውና። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሰጀስት፦ ሐሳብ ማቅረብ» ብዬ ጽፌ ክፍሉን ሙሉ አስደግሜያለሁ። ስህተት አልነበረም፤ ግማሹ ግን ቀርቶ ነበር። ሰው ሰጀስት ሲያደርግ ሐሳብ ያቀርባል። ማስረጃ ሰጀስት ሲያደርግ ይጠቁማል። ዜና ላይ «መረጃዎች ይጠቁማሉ» ሲባል ሰምተሽ ቁጥሩ እንዴት ጠቆመ ብለሽ አልተገረምሽም፤ ያው ነው።

ከፊራ ገበያ ገብተሽ አንዱን ነጋዴ «በርበሬ ተራ የት ነው?» በይው እስቲ። እጁ ሚዛን ላይ ስለሆነ በአገጩ ወደዚያ ያሳይሻል። ጠቆመሽ እንጂ አላደረሰሽም፤ የቀረውን የምትሄጂው አንቺ ነሽ፣ መሳሳትም አለ። ይሄ ሰጀስት ነው። ሌላው ነጋዴ ሚዛኑን አስቀምጦ ጣቱን ቀስሮ «ያቻት፣ ከሰማያዊው ሸራ አጠገብ» ቢልሽ ኢንዲኬት ሆነ። እጅሽን ይዞ ወስዶ በርበሬው ፊት ካቆመሽ ደግሞ ሾው ነው፤ ሥነ ሥርዓት ባለው ሙከራ ከሆነ ዴሞንስትሬት ልትዪው ትችያለሽ። ፕሩቭ ከዚህም ይሻገራል። ፕሩቭ የሚልሽ ሰው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ ሌላ በርበሬ ተራ እንደሌለ ጭምር ያሳየሽ ነው። ለዚህ ነው ቃሉ የሒሳብ ሰዎች ቤት ተመችቶት የሚኖረው። አንቺ በርሜል ነው የከፈትሽው፤ ወባን ሊያመጣ የሚችለውን ሌላውን ሁሉ ዞረሽ አልዘጋሽም። አማካሪሽ «ማን ነገረሽ?» ሲል የጠየቀሽ ይህንኑ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሻካራ ነው፣ በዚያ አልከራከርሽም።

አሁን ፍርሃት ወዳልሽው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ የከነከነኝ እሱ ነው።

ድሬ ላይ ጠብ ሳይል የደቻቱ ወንዝ ደፍርሶ ሲመጣ አይተሻል። ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ምን ይላል? «ላይ ዘንቧል» ይላል። ሲዘንብ አላየም። ያየው ጭቃ የተሸከመ ውኃ ነው፤ ዝናቡን ያወቀው ከውኃው ነው። ዝናቡ ውስጥ የነበረ ሰው ቢሆን «ዘነበ» ይል ነበር፤ ምልክቱን ያየ ግን ብዙውን ጊዜ «ዘንቧል» ይላል። ውኃው ገና ሳይመጣ፣ ከላይ፣ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ብቻ ከሆነ ያው ሰው «ላይ ሳይዘንብ አይቀርም» ይላል። ከላይ የወረደ ሹፌር ነግሮት ከሆነ «ዘነበ አሉ»። ከዚህ ሰው አፍ የወጣው እያንዳንዱ ቃል ከየት እንዳወቀና ምን ያህል እንዳወቀ ይናገራል። ሰዋስው ብሎ ያስተማረው የለም። ፈርቶም አይደለም። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ጥንቃቄ ለአንቺ አዲስ ጸባይ አይደለም፤ ከእናትሽ የወረስሽውን በሌላ ቋንቋ ቃል ፈልጊለት ነው የተባልሽው።

የጥንቃቄ ቃል ደካማ ቃል እንዳይመስልሽ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሰብሮ ከ200 በላይ ሰው ይዞብን ሄደ። ያን ሌሊት አንድ ሰው በየበሩ እየዞረ «ውኃው ሳይመጣ አይቀርም» ቢል ኖሮ ማን «መጀመሪያ ፕሩቭ አድርግ» ይለው ነበር? ሰው ልጁን አቅፎ ለመውጣት «ሳይመጣ አይቀርም» ይበቃዋል። የአንቺም ጽሑፍ «ይጠቁማል» ብሎ ቢጨርስ፣ ያነበበው ባለሙያ በርሜል ለማስከደን ይበቃዋል። «አረጋገጠ» ብለሽ ሳይሆን ሲቀር ግን የሚቀጥለውን ቃልሽን ማንም አያምንሽም።

ከአንቺ ርዕስ እንራቅና ልምምድ እንሥራ፤ በራስ ሥራ ላይ ዓይን ይደበዝዛል። ከከተማችን ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ፖርክ-ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። (የድሬ ልጅ ሆነው ያልረገጡት ብዙ ናቸው፤ እኔም ወደ ጡረታዬ ገደማ ነው ያየሁት፣ ልወቅሽ አልችልም።) ከዋሻው ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ኦከር ወጥቷል፤ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ነው፣ ዕድሜውም ወደ 40 ሺህ ዓመት የሚጠጋ። ኦከሩ ላይ የመፈግፈግ ምልክት አለ፤ ቀዩ የቀረባቸው የመፍጫ ድንጋዮችም ተገኝተዋል። በእንግሊዝኛ እንዴት ትዪዋለሽ? ኦከሩ መገኘቱ ላይ «ወዝ ፋውንድ» (ተገኘ) ነው፤ ምንም ሜይ አያስፈልገውም፣ ተመዝኖ ተቀምጧል። ሰዎቹ ፈጭተው ዱቄት ያወጡት እንደነበር ምልክቱ ራሱ ስለሚናገር «ሾውስ» ወይም «ኢንዲኬትስ» ብትዪ የሚቆጣሽ የለም። ለምን ፈጩት? ገላቸውን ሊቀቡ? ቆዳ ሊያለፉ? ለሙጫ? እዚህ ላይ «ሰጀስት» እና «ሜይ ሃቭ» ይመጣሉ። አንድ ዋሻ፣ አንድ አፈር፣ ሦስት ዓይነት ግስ። ከእጅ ወደ ሐሳብ እየራቅሽ በሄድሽ ቁጥር ግሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አንቺ የተሳሳትሽው እዚህ ነው። አንዴ ሁሉንም አስጮኽሽ፣ አንዴ ሁሉንም አንሾካሾክሽ። «ሜይ» ስታበዢ የቆጠርሽውን እጭ ሳይቀር «ሊኖር ይችል ይሆናል» አደረግሽው፤ አማካሪሽ «ታዲያ ምን አልሽ?» ቢል እውነት አለው። ያየሽውን አየሁ በይ! በባትሪ አይተሽ የቆጠርሽው ላይ ማንም እንድትሽኮረመሚ አልጠየቀሽም። «ዊ ፋውንድ» በይና በኃላፊ ጊዜ አስቀምጪው፤ ሥራው አልቋልና። ጥንቃቄው የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ «ዚስ» ብለሽ ስትነሺ ነው፤ እሱን ደግሞ በአሁን ጊዜ፦ «ዚስ ሰጀስትስ»። እጩን ያየሽው ያኔ ነው፤ ጥቆማው ግን ዛሬም ይጠቁማል።

ወደ በርሜልሽ ልመለስ። ቤቶቹ ላይ ያየሽውን ዝምድና ከ«ፕሩቭ» የሚያወርዱትን ነገሮች ራስሽ ቁጠሪያቸው፤ ዲፌንስ ላይ ሌላ ሰው ከሚቆጥርልሽ ይሻላል። በርሜል የሚያበዛው ቧንቧው በየዕለቱ የማይመጣለት ቤት ነው፤ ያ ቤት አጎበር የሌለው ወይም ግድግዳው የተሰነጠቀም ሊሆን ይችላል። ወባ የያዘው ሰው ከሳምንታት በፊት ለሥራ ወደ ሌላ ቆላ ሄዶ ተነክሶ ይሆናል። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ሄደሽ አየሽ፤ በሽታው ሲመጣ በርሜሉ ክፍት ነበር ወይ የሚለውን አታውቂም። «ወባ ይዞኝ ነበር» ያሉሽም በአፋቸው ነው፤ የደም ምርመራውን ካላየሽ ግሱ «ሃድ ማላሪያ» (ወባ ይዟቸው ነበር) ሳይሆን «ሪፖርትድ ማላሪያ» (ወባ ይዞን ነበር አሉ) ነው።

እጩስ የማን ነው? ይሄን በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፣ እኔ ግን የቋንቋ ሰው ብሆንም እጠይቃለሁ። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ወለል ጋር ተጋድሞ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቶባታል፤ እነዚህን በሽታዎች የምታዛምተው ኤደስ የምትባል ትንኝም በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ነው የምትራባው። ለይተሽ ከቆጠርሽ «አኖፊለስ» (የወባ ትንኝ) ብለሽ በድፍረት ጻፊ። ካልለየሽ «ላርቪ» (እጭ) ብለሽ ተይው፤ ከዚያ ላይ ተነስተሽ ስለ ወባ «ሰጀስት» ማለትም ይበዛብሻል።

በዚሁ ከተማ ጉዳይ ጥንቃቄን ከዋና ባለሙያ መማር ትችያለሽ። በ2014 ዓ.ም. በጋ፣ ወባ ይቀንሳል በሚባልበት ወቅት፣ ድሬ ላይ ወባ ተነሳ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከእስያ በኩል መጥታ ጅቡቲ በ2012፣ እኛ አገር ቀብሪደሃር በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችው፣ የከተማ በርሜልና ታንከር የምትወድ ትንኝ ተጠረጠረች። አጥኚዎቹ የታመሙትን ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸው ጋር መረመሩ፤ ትንኟ የተገኘችበት ቤትና በሽታው አብረው ሄዱ። ጥገኛ ተውሳኩ በትንኟ ሰውነት ውስጥም ተገኘ። ይህን ሁሉ ይዘው በ2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲስን ላይ ሲያወጡት ርዕሱን በምን ጀመሩት? «ኤቪደንስ ፎር ኤ ሮል ኦፍ አኖፊለስ ስቴፈንሲ» ብለው። ትንኟ ሚና እንዳላት የሚያሳይ ማስረጃ፤ ይኸው ነው። «ኮዝ» (መንስኤ) የለም፣ «ፕሩቭ» የለም። ያቺን ትንሿን «ኤ» ደግሞ ልብ በይልኝ። «ዘ ሮል» ቢሉ ሥራው ሁሉ የእሷ ነው ማለት ይሆን ነበር፤ «ኤ ሮል» ሲሉ ከሌላ ጋር የምትጋራው ሚናም ሊሆን ይችላል። በአንዲት ፊደል ለሌላው ምክንያት በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት። ላቦራቶሪ ይዘው እነሱ እንዲህ ከተናገሩ፣ ባትሪና ደብተር ይዘሽ «ፕሩቭስ» ማለትሽ… ይቅር።

አሁን አንቀጽሽን አብረን እንሥራው። «ፕሩቭስ» የነበረበትን ሰርዢና እንዲህ አድርጊው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ቀጥ ያለ ይሁን፦ «ላርቪ ወር ፋውንድ ሞር ኦፍን ኢን አንከቨርድ ባረልስ ዛን ኢን ከቨርድ ዋንስ»፤ እጭ ከተከደኑት ይልቅ ባልተከደኑ በርሜሎች አዘውትሮ ተገኘ። ሁለተኛው አንድ እርምጃ ይራቅ፦ «ዚስ ኢንዲኬትስ ዛት አንከቨርድ ባረልስ ሰርቭ አዝ ብሪዲንግ ሳይትስ ኢን ዘ ስተዲ ኤሪያ»፤ ይህ በጥናቱ አካባቢ ያልተከደኑ በርሜሎች የትንኝ መራቢያ እንደሆኑ ያመለክታል። መጨረሻ ላይ ያለችው «በጥናቱ አካባቢ» የምትል ሐረግ እንዳትወድቅብሽ፤ ሳቢያን ላይ የቆጠርሽውን ለመላው ድሬ አታከፋፍዪው። ሦስተኛው ስለ በሽታው ነው፤ «ኮዝ» ቢያምርሽም «አሶሲዬትድ ዊዝ» በይ፣ አብረው ታዩ ማለት ነው። ከዚያ «ዚስ አሶሲዬሽን ሰጀስትስ ዛት ከቨሪንግ ባረልስ ኩድ ሄልፕ ሪዱስ ማላሪያ»፤ ይህ ዝምድና በርሜል መክደን ወባን ለመቀነስ ሊረዳ እንደሚችል ይጠቁማል። እዚህ ሰጀስትና ኩድ ቢደራረቡ አይከፋም፤ አንዱ ስለ ማስረጃው፣ ሌላው ገና ስላልተሞከረው ክዳን ነው። «ሜይ ፖሲብሊ ሰጀስት» ግን ሻይ ውስጥ ሦስት ጊዜ ውኃ መጨመር ነው። «ኢት ሲምስ» እና «ኢት አፒርስ» ሁለቱም «ይመስላል» ናቸው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ «አፒርስ» የተሻለ ይቀመጣል። «አይ ቲንክ» የሚለውን ለሻይ ቤት ተዪው፤ «ይመስለኛል» ስትዪ ዓይን ወደ አንቺ ይዞራል፣ «ይመስላል» ስትዪ ወደ ማስረጃው።

አንድ የሰዋስው ወጥመድ አለ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ የወደቁበት። ከሰጀስት ቀጥሎ «ቱ» አይገባም። «ዘ ሪዘልትስ ሰጀስት ቱ ከቨር» ብሎ እንግሊዝኛ የለም፤ «ሰጀስት ዛት» ብለሽ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አስከትዪ። «ኢምፕላይ»ን ከ«ኢንፈር» ጋር አታምታቺ፤ ማስረጃው ኢምፕላይ ያደርጋል (በውስጠ ወይራ ይናገራል)፣ አንቺ ኢንፈር ታደርጊያለሽ (ከእሱ ትደመድሚያለሽ)።

ሚኒስቴሩን «ክሌይምስ» ማለትሽ ያሳቀው፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ነኝ ባይ» የሚል ሽታ ስላለው ነው። «እንዲህ ይላሉ፤ እኔ ግን እንጃ» እንደ ማለት ነው። የምትጠራጠሪው ሰው ካለ ተጠቀሚበት፤ ሪፖርቱን አምነሽ ከጠቀስሽው ግን «ሪፖርትስ» ወይም «ስቴትስ» ይበቃል። ተቃራኒው ወጥመድ «ፖይንት አውት» ነው፤ እገሌ ፖይንትስ አውት ካልሽ ያለው ልክ ነው ብለሽ አብረሽ ፈረምሽ። ሁለት አጥኚዎች የተጣሉበትን ነገር ስትጽፊ አንዱን «ክሌይምስ»፣ ሌላውን «ፖይንትስ አውት» ብትዪ ሳታውቂው ፈርደሻል። ገለልተኛ መሆን ካማረሽ ለሁለቱም «አርጊውስ» (ይከራከራል) አለ።

ለዲፌንስሽ የማዝዝሽ አንድ የቤት ሥራ ነው። ውጤትሽን የምታብራሪበትን የዲስከሽን ምዕራፍ አትሚና «ሾው»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ሰጀስት» የሚሉትን ሁሉ ክበቢያቸው። ከዚያ ለጎረቤትሽ እንደምትነግሪ አድርገሽ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ድምፅሽን አውጥተሽ በአማርኛ በይው። አፍሽ «አለ» ካለ ፋውንድ። «ያሳያል» ካለ ሾው፣ «ያመለክታል» ካለ ኢንዲኬት፣ «ይጠቁማል» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» ካለ ሰጀስት። «እንጃ፣ ይሆናል» ካለ ማይት፤ እሱንም ቢሆን መሰረዝ ይሻለው እንደሆነ እይው። አፍሽና ወረቀቱ ካልተስማሙ አፍሽን እመኚ፤ ደቻቱ ዳር ያደገ አፍ ነው።

ስለ ኤሷ፦ በድሮው የሊቃውንት ልማድ «ዳታ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ «ዘ ዳታ ሰጀስት»፣ ያለ ኤስ። ዛሬ በነጠላም «ዘ ዳታ ሰጀስትስ» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ስህተት አይባልም። የአማካሪሽን የራሱን ጽሑፍ ገልጠሽ እሱ የሚለውን በይ፣ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው ሳትቀይሪ። «ሪዘልትስ» ካልሽ ግን ክርክር የለውም፣ ግሱ ኤስ የለውም፤ «ዚስ ፋይንዲንግ» ካልሽ ኤስ አለው።